ሽጉጡ የማን ነው

በሩ የሚቆለፈው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ገና ሳትበርድ፣ ምሳ ከጉሮሮ ሳይወርድ፣ እንደ በግ ቆጥረው ያስገቧቸውና የብረቱን በር ይከረችሙታል፣ ከዚያ እስከ ነገ ጧት ድረስ መተኛት ነው፣ እንቅልፍ ላለው። አባይነህ የለውም። መንዝ ቢሆን ይሄ ሰዓት በሬ እንኳ የሚፈታበት አይደለም፣ በዚህ ሰዓት የተኛ ጎልማሳ ቢገኝ ወይ ታሟል ወይ ሰክሯል ነው የሚባለው፣ እሱ ግን አልታመመም፣ አልሰከረም፣ ፍራሹ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ጣራ ጣራውን ያያል፣ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ደቡብ አፍሪካ ከገባ አራት ዓመቱ ነው፣ እዚህ እስር ቤት ከገባ ሦስት ወሩ። ክፍሉ ውስጥ አርባ ሰው አለ፣ አርባውም ያወራል፣ ይሳሳቃል፣ ይሰዳደባል፣ ከአርባው አንድ እንኳ አማርኛ የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ ምላሱ የሚተሳሰርበት ይመስለውና ብርድ ልብሱን ተከናንቦ «እንዴት ዋልክ» ይላል ለራሱ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት ዋልክ» ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ ያፍራል፣ ቀጥሎም ሆዱ ይባባል። በዚህ ዓለም ላይ እንደሱ ብቻውን የሆነ ሰው ያለ አይመስለውም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ችሎት አለ። ነገ ረቡዕ ጧት ደግሞ የስልክ ተራው ነው፣ በሳምንት አንዴ፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ስልክ፣ አሥር ደቂቃ። ሦስት ወር ሙሉ ያንን አሥር ደቂቃ በውሸት ሲሞላው ከርሟል፣ እህቱን ጥሩሸዋን ስልኬ ተሰረቀ ብሏታል፣ ሥራ በዛ ብሏታል፣ አንዴማ ሱቁን ቀለም እያስቀባን ነው ብሏት እሷም «ምን ዓይነት ቀለም?» ብላ ጠይቃ አረንጓዴ ብሎ መልሷል፣ ሱቁ እንደሆነ በፖሊስ ከታሸገ ቆይቷል። ነገ ግን እውነቱን ይናገራል፣ መናገር አለበት፣ ለእሷም አይደለም፣ ለአባቱ። ሐሙስ ዳኛው ሽጉጡ የማን ነው ብለው ይጠይቁታል፣ እሱም የኔ አይደለም ካለ ከሽጉጡ ክስ ይወጣል፣ የኔ ነው ካለ ዕድሜውን እዚህ ይጨርሳል። ይህ ምኑ ይከብዳል የሚል ሰው ቢኖር አባቱን አቶ ገብረየሱስን የማያውቅ ነው።

ሽጉጡ የምስክር ነው። ምስክር ስሙ ነው፣ የዚያው የመንዝ፣ የራቤል ልጅ፣ የሱቁ ባለቤት፣ አባይነህ ከሞያሌ ተነሥቶ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ጫማው አልቆ ሲደርስ «የመንዝ ልጅ ነህ? በል ግባ» ብሎ ያስገባው ሰው። ሱቁ ሎኬሽን ውስጥ ነው፣ የቆርቆሮ ቤት ከቆርቆሮ ቤት የተጣበቀበት የድሆች ሰፈር፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሲጋራ በነጠላ፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነው ይሸጣሉ፣ ሲመሽም እዚያው ያድራሉ። ሁለት ጊዜ ተዘረፉ። ከሁለተኛው በኋላ ምስክር ሽጉጥ ይዞ መጣና ባንኮኒው ስር አኖረው፣ ከየት አመጣኸው ያለው የለም። ከርሞ ከርሞ ደግሞ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ከሽጉጡ ጎን ተቀመጠ። የሰፈሩ ጎረምሶች ነበሩ ያመጡት፣ እምቢ ካልክ ሱቅህን እናነድደዋለን ብለውት ነው፣ ይህንን አባይነህ ያወቀው ከታሰረ በኋላ ነው። ያን ጊዜማ አልጠየቀም። የሰው እንጀራ እየበላ የሰው ባንኮኒ የሚበረብር ሰው ምን ይባላል፣ እንዲያ ነው ያደገው። አሁን ሲያስበው ግን ራሱን በጥፊ መምታት ያምረዋል፣ ሲጋራ ሲያወጣ እጁ ስንት ጊዜ እዚያ ቆርቆሮ ላይ አርፏል፣ ምን ነበረበት አንድ ቀን ክዳኑን ቀና ቢያደርገው።

አቶ ገብረየሱስ ምንሽር ጠመንጃ ነበራቸው። ነበራቸው ነው እንግዲህ። የአባታቸው ነው፣ ሰደፉ በነሐስ ሽቦ የታሰረ፣ ከአልጋቸው ራስጌ ሚስማር ላይ የሚሰቀል። በነሱ ቀበሌ መሣሪያ ያለው ሰው አነጋገሩም አቀማመጡም ሌላ ነው፣ ለቅሶ ላይ ከፊት ይሰለፋል፣ ሽምግልና ላይ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሲያስል እንኳ ሰው ያዳምጠዋል። ያን ምንሽር አንድ ጧት በጋቢ ጠቅልለው ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ወሰዱት፣ ሲመሽ ጋቢውን ለብሰው ተመለሱ። ገንዘቡ የአባይነህ የመንገድ ሆነ። ብቻ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ የሚሄዱት ዱላ ይዘው ነው፣ ከኋላ ከሚሰለፉት ጋር፣ የተከለለውን የጓሳ ተራራ የመጠበቅ ተራ ሲደርሳቸውም ከጎረቤት ጠመንጃ ተውሰው ነው የሚወጡት፣ ጎረቤትየውም «ጌታው፣ አደራ እንዳያረጥቡብኝ» ይላቸዋል፣ አባቱን፣ ገብረየሱስን። ይህንን በስልክ ያጫወተችው ጥሩሸዋ ናት፣ እየሳቀች ጀምራ እያለቀሰች ጨረሰችው።

አንድ እሁድ ምስክር ሽጉጡን ሊወለውል አውጥቶ፣ ጥይቱን ካራገፈ በኋላ፣ አባይነህ «እስኪ ፎቶ አንሳኝ» አለ። ወገቡ ላይ ሻጠው፣ ከተደረደረው የዱቄት ከረጢት ፊት ቆመ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። ለጥሩሸዋ በኢሞ ላከላትና «ለአባባ አሳይልኝ፣ የራሱን ገዛ በይልኝ» አላት። በማግስቱ ስልኩ ጮኸ፣ አባቱ ናቸው፣ ደውለው የማያውቁት ሰውዬ። «ሽጉጥ!» ይላሉ፣ «ኧረ ሽጉጥማ የሹም ነው! እኔ ሽጉጥ ያየሁት የወረዳው አስተዳዳሪ ወገብ ላይ ነው!» ይስቃሉ። አባይነህ አባቱ እንዲህ ሲስቁ ሰምቶ አያውቅም፣ ደስ አለው፣ ልቡ ዘለለ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ብሎ አሰበ፣ ቀልድ ነው እላቸዋለሁ። ነገ ኔትወርክ ጠፋ፣ ለሁለት ወር። ኔትወርኩ ሲመለስ ፎቶው መሐል ሜዳ ታጥቦ፣ በመስተዋት ገብቶ፣ ምንሽሩ ተሰቅሎበት በነበረው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ይኸው አሁንም እዚያው ነው። እሱን ከዚያ ሚስማር ላይ የሚያወርደው ማነው፣ በምን አፉ።

ሰው እንዲህ ያለ ቂል ይሆናል ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቃል፣ ይሆናል። ምክንያት አለው ግን፣ የአወቀ አህያ ናት ምክንያቱ። አባይነህ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ጓሳ ተከልሏል፣ ሣሩን ማጨድ ክልክል ነው፣ የጥበቃው ተራ የአባቱ ነበርና እሱም ስንቅ ይዞ አብሮ ወጣ። ጉም ውስጥ አንዲት አህያ ሣር ተጭና ቆማለች፣ አጠገቧ ጎረቤታቸው አወቀ፣ ማጭዱን ከካፖርቱ ስር ሸጉጦ። «የማን ናት?» አሉ አባቱ። «እኔ እንጃ፣ ሳልፍ አየኋት» አለ አወቀ፣ ቅጣቱን ፈርቶ። አባቱ አልተከራከሩም። ሣሩን አራገፉ፣ አህያዋን ቸብ አደረጓት፣ ከኋላዋ ተከተሉ፣ አህያዋም ቀስ እያለች ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ የአወቀ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ቆመችና አናፋች። የአወቀ ሚስት «ምነው ብቻሽን መጣሽ?» ብላ ወጣች። ያን ቀን የሳቀው ሰው ዛሬም ይስቃል፣ የአወቀ ልጆች የአህያዋ ልጆች ተባሉ፣ ሴት ልጁ ስትዳር እንኳ አማቾቹ የልጅቷን ከብት ሲቆጥሩ «አህያስ አለ?» ብለው ጠየቁ ይባላል። አባቱ ግን አልሳቁም። እየተመለሱ ሳለ «ሰው እጁ ላይ የተያዘውን እንዴት ይክዳል? እኔ ልጅ ካለኝ አይክድም» ነበር ያሉት፣ ወደሱ ሳይዞሩ።

ታዲያ ፖሊሶቹ ሲመጡ፣ ሦስት ናቸው፣ አንድ ውሻ ይዘዋል፣ ጧት ነው፣ ምስክር ዱቄት ሊያመጣ ሄዷል፣ አባይነህ ብቻውን ነው። በሩን አስከፈቱት፣ ውሻው በቀጥታ ባንኮኒው ስር ገባ፣ ያለ አንዳች ማመንታት። ረጅሙ ፖሊስ ሽጉጡን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «የማን ነው?» አለ፣ በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብሎ። ዝም ማለት ትችላለህ ብሎታል፣ አሁን የቆመችለት ጠበቃ እንደምትለው በደንብ ነግሮታል፣ አባይነህ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም፣ የማን ነው ተብሎ ዝም የሚል ወንድ የት ነው ያየው። ጓሳ ይታየዋል፣ ጉሙ፣ የአባቱ ጀርባ። ከአፉ «ማይን»፣ የኔ፣ የሚል ቃል ወጣ። ከእንግሊዝኛ የሚያውቃት ጥቂት ናት፣ እቺን ግን ጥርት አድርጎ ተናገራት፣ ደረቱንም ነፋ ያደረገ ይመስለዋል፣ ኧረ ነፍቷል። ፖሊሱ ጻፈ። ከዚያ የብስኩቱን ቆርቆሮ አወጣ፣ ከፈተ፣ በላስቲክ የታሠሩ ክኒኖች ሞልተውበታል። «ይሄስ?» አለ። አባይነህ አላውቅም አለ፣ ግን እሱ አላውቅም ሲል ማን ይስማው፣ ሽጉጡ የኔ ነው ብሏል፣ ሽጉጡ ደግሞ ከቆርቆሮው ጋር ተደግፎ ነው የተቀመጠው። እጁን ወደኋላ አሠሩት።

ጠበቃዋ መንግሥት ያቆመችለት ናት፣ ጸጉሯ ሽበት የወረረው፣ ችኩል፣ ፋይሎቿን በላስቲክ ከረጢት ይዛ የምትዞር። አስተርጓሚው አብዱልሰላም ነው፣ የአጣዬ ልጅ፣ ቤተሰቦቹ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፣ መንዞች ብርድ ልብስ ሊገዙ ሲወርዱ በልጅነቱ እየሳቀባቸው እንዳደገ ነግሮታል፣ አባይነህ መጀመሪያ የተገናኙ ቀን፣ በታሰረ በሦስት ሳምንቱ፣ ፊት ለፊቱ ከተቀመጠ ሰው አማርኛ ሰምቶ ከመልስ በፊት እንባው ቀደመው። «አይዞህ ወንድሜ፣ ወላሂ ይህ ቀላል ነው» አለው አብዱልሰላም፣ «እሷ የምትልህ ይህ ነው። ክኒን ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ሽጉጥ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ዕፁን በጦር መሣሪያ ይጠብቅ ነበር ነው የሚሉህ፣ ያ ደግሞ የዓመታት ጉዳይ ነው። አንተ የኔ ነው ባትል ኖሮ ሁለቱን ከአንተ ጋር የሚያስራቸው የለም። አሁን የኔ አይደለም በል። ምስክር ራሱ ሞዛምቢክ ገብቷል፣ ድምፁን ቀርጾ ልኮላታል፣ የኔ ነው በሉት፣ ልጁን ልቀቁት ብሏል። ምን ይጎድልሃል?» አባይነህ ጫማውን አየ። «ፎቶው» አለ። «አዎ፣ ዐቃቤ ሕጉ ፎቶውን ስልክህ ላይ አግኝቶታል፣ ያነሳዋል፣ ለምን ተነሳህ ሲልህ አባቴን ለማስደሰት ዋሽቼ ነው ትላለህ፣ እውነት አይደል? እሱን እዚያ ሰው ሁሉ ባለበት መናገር ነው።» ሰው ሁሉ ባለበት። ችሎቱ ውስጥ የአገር ልጆች ይቀመጣሉ፣ ሊጠይቁት ይመጣሉ፣ ደግ ናቸው፣ ምግብ ያመጣሉ፣ መታሰሩንም ለምኗቸው እስካሁን ደብቀውለታል፣ ግን እንዲህ ያለ ወሬ ካገኙ ከችሎት ሳይወጡ ስልካቸውን ያወጣሉ፣ እዚህ የተባለው መሐል ሜዳ የሚደርሰው ከሚኒባስ ቀድሞ ነው። አባቱ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከሱ ቢሰሙት ይሻላል፣ ይሻላል ወይ፣ ጭራሽ ባይሰሙትስ፣ የኔ ነው ብሎ ቢቀርስ፣ ሰው ዓመታት ይታሰር የለ። ይህን ከዚያን ቀን ጀምሮ አስቦታል። አንዳንድ ቀን መታሰሩ ይቀለዋል።

ነጋ። ረቡዕ ነው፣ ከኋላው ስድስት ሰው ተሰልፏል፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ጥሩሸዋ አነሳችው፣ «አንተ! ቀለሙ አለቀ?» ትላለች፣ አባባን አገናኚኝ ይላታል፣ «በግ እየሸለቱ ነው፣ ቆይ» ብላ ትሮጣለች፣ ሩጫዋ ይሰማል፣ የበጎቹም ድምፅ፣ ደቂቃው ይሄዳል።

«ማነህ?» አሉ አባቱ፣ ስልክ ሲያነጋግሩ እንደሚጮሁት ጮኸው።

«እኔ ነኝ አባባ፣ አባይነህ። እንደምን ከረሙ?»

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጠፋህ እኮ!»

«አባባ፣ ብዙ ጊዜ የለኝም፣ ዝም ብለው ይስሙኝ። ታስሬያለሁ። ሦስት ወር ሆነኝ።»

አባቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደም ነው?»

«አይደለም። ሰው አልነካሁም። ሱቁ ውስጥ የሚያሰክር ክኒን ተገኘ፣ የኔ አይደለም፣ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር፣ ግን ከሽጉጡ ጋር ተገኘ፣ እኔም ሽጉጡ የኔ ነው ስላልኩ ሁለቱንም በኔ ላይ አደረጉት።»

«ያለህን የኔ ነው ብለሃል። ምን አጠፋህ?»

ከኋላው ያለው ሰውዬ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«የኔ አይደለም አባባ። ዋሽቼዎት ነው። ሽጉጡ የምስክር ነው። ለፎቶ ብዬ ነው ወገቤ ላይ የሻጥኩት፣ ጥይት እንኳ አልነበረውም። ነገ ዳኛው ሲጠይቁኝ ይህን እናገራለሁ፣ የአገር ሰውም ይሰማል፣ እርስዎ ዘንድም ይደርሳል። ከሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው።»

በግ ጮኸ። ነፋስ ስልኩ ላይ ያፏጫል። አባቱ አሉ ወይስ የሉም፣ ወይስ ስልኩን መሬት ላይ ጥለውት ሄደዋል። አባይነህ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲዘርፉት፣ በረሃ ውስጥ ውኃ ሲያልቅባቸው፣ እንዲህ አልፈራም።

«እኔ እኮ» አሉ አባቱ፣ «ለአገሩ ሁሉ ነግሬያለሁ። ባለፈው ለቅሶ ላይ ከፊት አሰለፉኝ። ዱላ እንደያዝኩ። የሽጉጡ አባት ይለፍ ብለው።»

«አውቃለሁ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አታውቅም።»

አባይነህ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፏል፣ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው።

«በል ስማ» አሉ። «ለዳኛው የኔ አይደለም በለው። ዐይኑን እያየህ በል። አትርበትበት።»

«እሺ አባባ።»

«ውጣና ና ወይም ሥራ፣ እዚያ ግን አትበስብስ።»

«እሺ።»

«እኔ ግን እዚህ የጠየቀኝን ሁሉ የልጄ ነው እለዋለሁ።»

«አባባ፣ እኮ ይሰማሉ! ውሸት መሆኑን ያውቃሉ፣ ይስቁብዎታል!»

«ይሳቁ። የልጄ ነው እላለሁ።»

መስመሩ ተቆረጠ፣ አሥሩ ደቂቃ አልቋል። ከኋላው ያለው ሰውዬ ስልኩን ከእጁ ወሰደ። አባይነህ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፣ ቀኑን ሙሉ ምንም አልበላም፣ በዘጠኝ ሰዓት ተቆለፈ፣ ተንጋለለ፣ አባቱ ገበያ ሲወጡ፣ ለቅሶ ሲገቡ፣ ሰው በክርኑ እየተነካካ «አቶ ገብረየሱስ፣ የልጅዎ ሽጉጥ ደኅና ነው?» ሲላቸው ይታየዋል፣ እሳቸው ቀጥ ብለው «ደኅና ነው» ሲሉ። አለቀሰ። አርባው ሰው ያወራል፣ ማንም አላየውም።

ሐሙስ ችሎቱ ሙሉ ነው። አራት የአገር ልጆች ኋላ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ዐቃቤ ሕጉ ፎቶውን ትልቅ አድርጎ አሳየ፣ የዱቄት ከረጢቱ፣ የተነፋው ደረት፣ ሽጉጡ። ዳኛው ጠየቁ፣ አብዱልሰላም ተረጎመ። አባይነህ ዐይናቸውን አየ። «የኔ አይደለም» አለ። ለምን የኔ ነው አልክ ተባለ፣ «አባቴን ዋሽቼ ነበር፣ ውሸቴን ይዤ ቆየሁ» አለ፣ ሲናገረው ከጠበቀው በላይ አጭር ሆነ፣ ኋላ ወንበር ላይ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ሰማ። ምስክር ከሞዛምቢክ የላከው ድምፅ ተሰማ፣ ጠበቃዋ ተነሥታ ተናገረች፣ ዐቃቤ ሕጉም ብዙ ከተከራከረ በኋላ እጁን አወናጨፈና ተቀመጠ። ዳኛው ጻፉ፣ ገለበጡ፣ ጻፉ። የሽጉጡ ክስ ከሱ ላይ ተነሣ። የቆርቆሮው ይቀራል፣ ቀጠሮ ተሰጠው፣ አብዱልሰላም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ክንዱን ጨበጠው። አባይነህ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፣ ደስም ብሎታል፣ ብቻ ደስታውን የሚያካፍለው ሰው አጠገቡ አጣ።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አንድ ነገር ይቀራል አሉ። ሽጉጡ ፈቃድ ያለው ባለቤት ስላልተገኘለት ተቀጥቅጦ ሊጠፋ ነው፣ ከዚያ በፊት ሕጉ ስለሚያዝ አንድ ጊዜ ይጠየቃል ብሎ ተረጎመለት አብዱልሰላም፣ «ከምስክር ሌላ ይህን ሽጉጥ የኔ ነው ወይም የቤተሰቤ ነው የሚል ሰው ታውቃለህ ወይ ይሉሃል።»

አባይነህ አንድ ሰው ያውቃል፣ የልጄ ነው የሚሉ።

«የለም» አለ።